ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

እንግዲህ እስካሁን አብራችሁኝ የመጣችሁ ጉዴን ታውቃላችሁ። ዛሬ ለተቀላቀላችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ማሳጠር እንደሆነ ልማዴ ነው፣ ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረገኝም እሱው ነው።

ሐዊ ዕዝራ እባላለሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሐኪም ከሰው ገላ ቆርጦ ያወጣውን ናሙና ሰም ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሰሙ ሲረጋ በማሽን ስስ አድርጌ ልጬ ለማይክሮስኮፕ አሰናዳለሁ። ሚናስ ደግሞ ፒያሳ፣ ወይዘሮ ነሲባ ወርቅ ቤት አንጥረኛ ነው። እሱም ቀለበት ሲሠራ መጀመሪያ ቅርጹን የሚያወጣው በሰም ነው። የሟች እናቴን የጆሮ ጌጥ ላስበይድ የገባሁ ቀን ሥራዬን ጠይቆኝ ነገርኩት።

‹‹እና ሰሙ ውስጥ ምን ትከታላችሁ?›› አለኝ።

‹‹ሥጋ›› አልኩት።

‹‹ኧረ በስመ አብ! እኛ ሰምና ወርቅ፣ እናንተ ሰምና ሥጋ!›› ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጣለኝ።

እንቅፋታችን ሁለት ቤት ነው። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ። አባቴ መምህር ዕዝራ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማረ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። የሚናስ እናት እትዬ አስካለ ደግሞ እሪ በከንቱ ሰፈር ተወልደው እሪ በከንቱ የሸበቱ፣ ጾም ጸሎት የማያጓድሉ ናቸው። ‹‹ጴንጤ የኔን ደጅ አይረግጥም›› ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። አባቴ ግን አልጮኸም። ‹‹አንጥረኛ?›› ብሎ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት የሚናስ ስም ተነስቶ አያውቅም። የአባቴ ዝምታ ከጩኸት ይብሳል።

ስለዚህ በድብቅ እንጻጻፋለን። ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ወይዘሮ ነሲባ እሳትና ወርቅ ባለበት ስልክ አይወዱም፤ ጠዋት ተሰብስቦ መሳቢያ ይገባል። ግን ለጥገና የመጣ ጌጥ የሚቀመጥባት ትንሽ ቡናማ ፖስታ አለች። ላይዋ ላይ የዕቃው ሕመም ባጭሩ ይጻፍባታል፤ ‹‹ሰፍቷል፣ ይጥበብ››፣ ‹‹ተበጥሷል፣ ይበየድ››። ግርጌዋ ላይ በቀይ ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› የሚል ታትሟል። የፍቅር ደብዳቤያችን እሷ ናት። አንድ ቀን ‹‹ልብ ነው። ላልቷል። ይጥበቅ›› ብዬ ባንኮኒው ላይ ትቼ ሄድኩ። በማግሥቱ ‹‹ዕቃው ደርሶናል። ቅዳሜ ይምጡ›› የሚል መልስ ጠበቀኝ። ቅዳሜ ሄድኩ። ማኪያቶ ጠጣን። የሆነው ሁሉ ከዚያ በኋላ ሆነ።

ከአምስት ወር በፊት ሚናስ ከግራ ጆሮው ሥር ባቄላ የምታክል እብጠት ወጣችበት። ጥርስ ይሆናል፣ ብርድ ይሆናል ሲል ከረመና ጎትቼ አስመረመርኩት። የምራቅ ዕጢ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ብርቅ በሽታ ነው፤ የኛ ላቦራቶሪ ዓመቱን ሙሉ ቢያይ ሁለት ወይ ሦስት ሰው ነው። በቀዶ ሕክምና ወጣ። የፊቱ ነርቭ ስለተነካ ግን የከንፈሩ ግራ ጫፍ አልታዘዝ አለው፣ ሲስቅ በግማሽ ፊቱ ብቻ ሆነ። ናሙናው ወደኛ ሲመጣ የሚናስን ስም አየሁት። ‹‹ለሌላ ሰው እንስጠው›› ሲሉኝ እምቢ አልኩ። የምወደውን ሰው ሥጋ በገዛ እጄ ሰም ውስጥ ከተትኩ፣ በገዛ እጄ ላጥኩት። ሥራዬን ጨረስኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግን አፌን በጋዋኔ አፍኜ አለቀስኩ።

አለቃዬ ዶክተር ተክላይ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆዩ። ‹‹መሃል ሰፋሪ ነው›› አሉ በመጨረሻ። ‹‹ደግ ነው አልልም፣ ክፉ ነው አልልም። ይኼን ዓይን ብቻውን አይለየውም።›› ስለዚህ ከሰሙ ላይ ስስ ቅንጣት ተወስዶ ለዘረመል ምርመራ ውጭ አገር ተላከ።

ጥያቄው አንድ ነበር። ይህ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ዕጢ ውስጥ ሁለት ዘረመሎች ተሰብረው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ያ ቅይጥ የተገኘባቸው በብዛት ዕድላቸው ደህና ነው፤ ዕጢው አንዴ ከወጣ የመመለሱ ነገር ትንሽ ነው። የሚያሰጉት ያልተገኘባቸው ናቸው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሌላ ቦታ ሰው ሲሰማው የሚደነግጠው ‹‹ፖዘቲቭ›› የሚባል ቃል እዚህ በሽታ ላይ የምሥራች ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ። ለሚናስ ግን ‹‹ውጤቱ ይመጣል፣ አይዞህ›› ከማለት በቀር አንድም ነገር አስረድቼው አላውቅም።

ሰባት ሳምንት ጠበቅን። ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ውጤቱ በኢሜይል ደረሰ። ዶክተር ተክላይ ጠሩኝና ስክሪኑን ወደኔ አዞሩት። ፖዘቲቭ ይላል። ደግሜ አነበብኩት።

‹‹ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለው፣ ራሴ አስረዳዋለሁ›› አሉኝ። ‹‹ይህ ወረቀት ዕድል ነው የሚናገረው፣ ትንቢት አይደለም። በአግባቡ ሊነገረው ይገባል። አንቺ እስከዚያ አፍሽን ያዢ።››

‹‹እሺ ዶክተር›› አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሰኞ ድረስ ሚናስ ሞቱን ሲያስብ ሊከርም? እንዴት ተደርጎ! ከሥራ እንደወጣሁ ታክሲ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። ወርቅ ቤቱ ቀለበት በሚለኩ ሙሽሮች ተጨናንቋል። ሚናስ የለም፤ ሰም ሊገዛ መርካቶ ወርዷል አሉኝ። መጠበቅ አልቻልኩም፤ ደስታው ሊያፈነዳኝ ነው። ከባንኮኒው ላይ አንዲት ፖስታ ሳብ አደረግኩና ጻፍኩ፤ ‹‹ፖዘቲቭ ነው። አይመለስም።›› በቃ፣ ሦስት ቃል። ፖዘቲቭ የሆነው ምርመራው ነው። የማይመለሰው ካንሰሩ ነው። ለኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

ወይዘሮ ነሲባ ፖስታዋን ተቀበሉኝ። ነቄ ናቸው፣ የኛን ነገር ገና ድሮ ደርሰውበታል። አንብበው፣ ‹‹ምንድነው ደግሞ የማይመለሰው?›› አሉኝ።

‹‹እሱ ይገባዋል›› ብያቸው እየዘለልኩ ወጣሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ላይም ዝግ ነው። በደስታ ሰክሮ ረስቶት ይሆናል አልኩ። ልቤ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አላረፈም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወርቅ ቤት ተመለስኩ። የሚናስ ጠረጴዛ ባዶ ነው። መዶሻው የለም፣ መቀሱ የለም፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት አሮጌ ትራስ ብቻ ቀርቷል። ወይዘሮ ነሲባ አንዲት ፖስታ ሰጡኝ። ውስጧ ቀለበቴ አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሠራልኝ ነው፤ ሰፍቶኝ እንዲያጠብልኝ ትቼለት ነበር። ላይዋ ላይ በዚያ በሚያምር እጁ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ ‹‹ጠቧል። ወደ ባለቤቱ ይመለስ። እኔን አትጠብቂ።››

ጣቴ ላይ አደረግኩት። ልክክ አለ።

‹‹ምን አለ?›› አልኩ።

‹‹ፖስታሽን አነበበና ቁጭ አለ። ከዚያ ይቺን ቀለበት ሠርቶ ጨረሳት። ‹በቃ እትዬ ነሲባ፣ ይፍቱኝ› አለኝና ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። የኔ ቆንጆ፣ ልጁ ፊቱ ልክ አልነበረም።››

እኔ ግን ጆሮዬ ተደፍኗል። ተናድጃለሁ! ‹‹ትድናለህ›› ብዬ ብነግረው ቀለበት ይመልስልኛል? ሲታመም ሐዊ፣ ሲድን እናቱ? እትዬ አስካለ አሸነፉ ማለት ነው! ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ብቻዬን እየተሳደብኩ ወረድኩ። አንድ ካልሲ ሻጭ ‹‹እህት፣ ምን ሆነሽ ነው?›› ቢለኝ ‹‹ምን አገባህ!›› አልኩት። ይቅር ይበለኝ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ንዴቱ አለቀና ሐዘኑ ቀረኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ጠረጴዛው ላይ የነገውን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት እያዘጋጀ ነበር። ፖስታዋን ፊቱ ወረወርኳት። ‹‹ደስ ይበልህ አባዬ። ተፈጽሟል።››

አነበባት። ገልብጦ አያት። ‹‹አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽለት?›› አለኝ። በወራት ውስጥ ስለ ሚናስ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ነገርኩት፣ ሦስቱንም ቃል።

አባቴ እርሳሱን አነሳና ደብተር የሚያርም ይመስል አየር ላይ አሰመረ። ‹‹ባለቤቱስ?››

‹‹የማን ባለቤት?››

‹‹የዓረፍተ ነገሩ! ማነው ፖዘቲቭ? ማነው የማይመለሰው?››

‹‹ምርመራው ነዋ! ካንሰሩ ነዋ!››

‹‹እሱ አንቺ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ ወረቀቱ ላይ የለም። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ አንባቢው የመሰለውን ባለቤት ይሰጠዋል። ‹ፖዘቲቭ ነው፣ አይመለስም› የሚል ወረቀት ለኔ ቢደርሰኝ ምን እንደምረዳ ልንገርሽ? ነገሩ አልቆለታል፣ መመለሻ የለውም። እኔ በዚህ ቃል የቀበርኳቸው ሰዎች አሉ ሐዊ።››

ያኔ ነው የሚናስ አባት ትዝ ያሉኝ። ሚናስ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያጫወተኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ከሐኪም ቤት ወረቀት ይዘው መጡ። እትዬ አስካለ ፊደል አይቆጥሩም። ወረቀቱን ለእናቱ ያነበበው እሱ ነበር። ‹‹ፖዘቲቭ›› ነበር የሚለው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንዳሁኑ አልነበረም። በዓመቱ አባቱን ቀበሩ።

‹‹ምን አደረግኩ?›› አልኩ። ‹‹አባዬ፣ ምን አደረግኩት?››

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ሊጠርገው መስሎኝ ነበር፤ ዓይኑን ነው የጠረገው። ‹‹ነገ ከጉባኤ ትቀሪያለሽ›› አለኝ። ‹‹ሂጂና ዓረፍተ ነገርሽን አስተካክዪ።››

እሪ በከንቱ ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ ቆሟል። የነሚናስ ቤት ከቆመው ወገን ነው፤ ቁልቁለቱን ወርዶ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር። እሑድ ረፋድ ላይ ስደርስ እትዬ አስካለ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ሁለት ጀሪካንና የታሰረ ሻንጣ አለ።

‹‹አንቺ ነሽ?›› አሉኝ።

‹‹እኔ ነኝ እትዬ። እንደምን አደሩ?››

‹‹ከገደልሽው ወዲያ ልታለቅሺለት መጣሽ?››

‹‹አልገደልኩትም። ስህተት ነው እትዬ፣ ላስረዳዎት፣ አንድ ደቂቃ…››

‹‹ነገ ጎሕ ሲቀድ ጸበል ይዤው እሄዳለሁ። የሐኪም ወረቀት በቃን። ሁለት ጊዜ ቤቴ ገባ፣ ሁለት ጊዜ አንድ ቃል ነው የሚያወራው።›› በሩን በትከሻቸው ሸፈኑት። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ግን በሩን ሞሉት።

ነገ ሰኞ ነው። ዶክተር ተክላይ የሚጠብቁት ነገ ነው። አሁን ካልተረዳ ከዚህ በር ወጥቶ፣ ተቀብሬያለሁ ብሎ ይሄዳል። ክትትሉም ቀረ፣ እኔም ቀረሁ።

‹‹እትዬ አስካለ›› አልኩ። ቃሎቼን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ፣ ባለቤት ባለቤት እየሰጠሁ። ‹‹ፖዘቲቭ የተባለው ከሚናስ ዕጢ የተወሰደው ናሙና ነው። እንዲህ ዓይነት ካንሰር ላይ ምርመራው ፖዘቲቭ ሲሆን ጥሩ ነው። ‹አይመለስም› ያልኩት ካንሰሩን ነው፤ ሚናስን አይደለም።››

ሳቁብኝ። መራራ ሳቅ ነው። ‹‹ጥሩ? ፖዘቲቭ ለማን ነው ጥሩ ሆኖ የሚያውቀው? አንቺ ልጅ፣ ይኼ ልጅ በስምንት ዓመቱ እዚህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው ያነበበልኝ። አዲስ ማንበብ ችሎ ነበር። ‹እማዬ እማዬ፣ ፖ-ዘ-ቲቭ ይላል! አነበብኩት!› ብሎ ነው የጨፈረው። አብሬው አጨበጨብኩ። ሰው ነው ምን እንደሆነ በኋላ የነገረኝ።››

እንባዬ ሳልጠራው ወረደ።

‹‹ማይልኝ›› አሉ ድንገት። ‹‹በማርያም ማይልኝ። ‹ልጅሽ ይድናል፣ ሕመሙ አይመለስም› ብለሽ ማይልኝ። አሁኑኑ አስገባሻለሁ።››

እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። እኛ አንምልም፤ አባቴ ‹‹ቃልሽ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን›› እያለ ነው ያሳደገኝ። ግን በሩ እዚያ ነው። ሚናስ ከበሩ ጀርባ ነው። አንዲት ‹‹ማርያምን›› ብል ይከፈታል። አፌ ተከፍቶ ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

‹‹አልምልም እትዬ›› አልኩ።

‹‹ውሸት ስለሆነ ነዋ! በማርያም መዋሸት ፈርተሽ ነው!››

‹‹አይደለም። እኛ አንምልም። ደግሞ የምምል ብሆንም ይህን አልምልልዎትም።›› ወደሳቸው አንድ እርምጃ ቀረብኩ። ‹‹ይህ ውጤት የተገኘባቸው ሰዎች በብዛት ይድናሉ። አንዳንዱ ላይ ግን ይመለሳል። ሚናስ ከየትኞቹ እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። እኔም አላውቅም። ‹በብዛት› ማለት ነበረብኝ፣ ቸኮልኩና ዋጥኳት። ጥፋቴ ይኼ ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም።››

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ወደ ጀሪካኖቹ አዞሩ።

‹‹ያኔ አንዱ ሐኪም ማለልኝ›› አሉ ቀስ ብለው። ‹‹‹ማርያምን እልሻለሁ፣ ባልሽ ይሻለዋል› አለኝ። ላጽናናት ብሎ ይሆናል። አምኜው ሻማ አበራሁ። ጥቁር ልብስ እንኳ አላዘጋጀሁም ነበር። በተበደርኩት ልብስ ነው የቀበርኩት።›› ነጠላቸውን አስተካከሉ። ‹‹እስከዛሬ ሳይምል እውነቱን የነገረኝ ሰው የለም። የምትነግረኝ ጴንጤ ትሁን ብሎ ነው መሰለኝ እግዜር።››

ከበሩ ገለል አሉ።

ሚናስ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ጋቢ ደርቧል፣ ጢሙን አልተላጨም፣ ከጆሮው ሥር ጠባሳው ቀልቷል። ዓይን ለዓይን ተያየን። በሁለት ቀን አሥር ዓመት ያረጀ መሰለኝ።

‹‹ታዲያ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?›› አለኝ።

‹‹በብዛት አይመለስም።››

‹‹‹በብዛት›ን ፖስታው ላይ ምነው ቆጠብሻት? ቀለም ተወዶ ነው?››

የአራዳ ልጅ ሞቱ ደጁ ቆሞም ሙድ ይይዛል! ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። ከዚያ ንዴቴ ተከተለ፣ ታውቁኝ የለ። ‹‹ቀለበት የመለስክልኝ ምን ሆነህ ነው? አንድ ጊዜ ደውለህ አትጠይቀኝም? ማነህ አንተ ለኔ የምትወስንልኝ?››

‹‹እማዬን ነው ያየሁት›› አለ። አልቀለደም። ‹‹አባዬ ሲሞት እማዬ አርባ አልሞላትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ራሷን ቀና አድርጋ ሰው አላየችም። አንቺን እንደሷ ከማደርግሽ ብትጠዪኝ ይሻላል አልኩ። ቀለበቷን ስሠራ ሦስት ጊዜ ነው የለካኋት። ሐዊ፣ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ።››

‹‹እኔም እፈራለሁ›› አልኩት። ‹‹ነገ ዶክተር ተክላይ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ከዚያ በየስድስት ወሩ ትታያለህ። በየስድስት ወሩ አብረን እንፈራለን። ጸበሉም አይቅር፣ ከእትዬ ጋር ሂድ። ቀጠሮ ግን አታስቀርብኝም።›› ቀለበቱን ከጣቴ አላወለቅኩም፤ እጄን ብቻ አሳየሁት። ‹‹ደግሞ ፖስታችሁ ላይ ምን ተጽፏል? የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!››

በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ግማሹ ይበቃኛል። ሙሉውን ሰው በግማሽ ሳቁ አገኘሁት።

ከኪሱ ያቺን የዓርቧን ፖስታ አወጣ። ከመጨማደዷ የተነሳ ጨርቅ መስላለች። አባቴ ያለውን ነገርኩት፤ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው ማለቱን። ሚናስ ሰማኝና ከመስኮቱ ላይ እስክሪብቶ አነሳ።

‹‹አባትሽ እውነታቸውን ነው›› አለ። ‹‹እንግዲህ ባለቤቱን ጻፊበት።››

እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ‹‹ካንሰሩ አይመለስም›› ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እናቱም ደስ ይላቸው ነበር። አልችልም፤ የማላውቀውን የማውቅ መስዬ ጽፌ ያመጣውን አይተነዋል። በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ በእርግጠኝነት ልጽፈው የምችለው ስም አንድ ብቻ ነበር። ከሦስቱ ቃላት ሥር፣ ከቀዩ ኅትመት በላይ፣ በደንብ በሚነበብ ፊደል ስሙን ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፍኩት።

ሚናስ አየው። ከንፈሩ ቀኙ ተንቀሳቀሰ፣ ግራው ዝም አለ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ግን እኩል ሞሉ።

እትዬ አስካለ ከበሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ‹‹ምን ይላል?›› አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ያ የድሮው ፍርሃት አለ። ‹‹አንብብልኝ።››

ሚናስ ፖስታዋን ወደ ብርሃኑ ይዞ ሄዶ እናቱ እግር ሥር፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ጣቱን ከፊደሉ ሥር አስኬደ።

‹‹‹ሐዊ ወደ ኋላ አትመለስም› ይላል እማዬ።››

እትዬ አስካለ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉ። እኔን አዩኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም።

‹‹እስቲ ድገመው›› አሉት።

ደገመው።